ስማቸው ያልተጻፈ ደራሲዎች፦ በጥንት የቪዲዮ ጨዋታዎች ሠሪዎች ፍለጋ ላይ የቀረበ ሒስ

የአንድን መጽሐፍ ደራሲ ለማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሽፋኑን ያያል። ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዙ ይጫወቱባቸው የነበሩት የጥንት የቪዲዮ ጨዋታዎች ሽፋን ግን ብዙውን ጊዜ የሚነግረን የኩባንያውን ስም ብቻ ነው። ዛሬ የሠሪዎቹን ስም ለማውጣት የሚደክሙ ተመራማሪዎች አሉ፤ ድካማቸው የሚመሰገን ስለ ሆነ በዚህ ላይ አንከራከርም። እኛ የምንጠይቀው ማስረጃቸው ምን ያህል ያስተማምናል ብለን ነው።

ዘወትር የሚጠቀሰው ምሳሌ የአሜሪካው የአታሪ ኩባንያ ጨዋታ «አድቬንቸር» ነው። አታሪ በዚያን ጊዜ የፕሮግራም ጸሐፊዎቹን ስም አያወጣም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 አራቱ ለቀው አክቲቪዥንን ከመሠረቱባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ዋረን ሮቢኔት ግን ሌላ ዘዴ ፈለገ። በጨዋታው ውስጥ አንድ ስውር ክፍል ሠርቶ፣ ከወለሉ ቀለም የማትለይ አንዲት ነጥብ ፈልጎ ያገኘ ብቻ እንዲገባበት አደረገና ስሙን በዚያ ጻፈ። ለአለቆቹ ሳይነግርም ሥራውን ለቀቀ። ምሥጢሩን ለኩባንያው የገለጠው አንድ ተጫዋች ልጅ የጻፈው ደብዳቤ ነው።

ይህን የሚያህል ማስረጃ ከወዴት ይገኛል! ዳሩ ግን ፊርማው የበቃው ጨዋታውን ያሰበውም የጻፈውም አንድ ሰው ስለ ነበረ ነው። ሥራው የብዙዎች በሆነ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል።

የጃፓኑ ካፕኮም በ1987 ያወጣውን «ሮክማን»፣ በአሜሪካ «ሜጋ ማን» የተባለውን፣ እንመልከት። በጨዋታው ፍጻሜ የሠሪዎች ዝርዝር አለ፤ ነገር ግን የቅጽል ስም ዝርዝር ነው። ሠዓሊው ኬጂ ኢናፉኔ «ኢናፍኪንግ»፣ ዜማ ደራሲዋ ማናሚ ማጹማኤ «ቻንቻኮሪን ማናሚ» ተብለዋል፤ የሥራው አቃጅ አኪራ ኪታሙራ ያገኘው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የጃፓን ኩባንያዎች ተፎካካሪዎቻቸው ባለሙያዎቻቸውን እንዳይወስዱባቸው ይሠጉ ነበር። በኋላ ኪታሙራ ካፕኮምን ሲለቅ ኢናፉኔ በዚያው ቆየ፤ ከዚህም የተነሣ ብዙዎች የሮክማን አባት ኢናፉኔ ነው እያሉ ጻፉ። እርሱ ራሱ ግን የገጸ ባሕርዩ ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት እንደ ነበረ በግልጥ ተናግሯል።

እንግዲህ ኪታሙራን ያስገኘው ዝርዝሩ አይደለም፤ የባልደረባው ምስክርነት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ፊርማን፣ ምስክርነትንና «አሠራሩ የእገሌን ይመስላል» የሚለውን ግምት በአንድ ዓምድ ደባልቀው ሲያትሙ አንስማማም። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ከምን እንደ ተገኘ ይጻፍ፤ ግምት የሆነውም ግምት ተብሎ ይቀመጥ።