ለእንግዳ የማይመለስ ግብር

ወደ ውጭ አገር በሚላክ ዕቃ ላይ የሽያጭ ግብር እንደማይጣልና ግብሩ ዕቃው በሚሠራበት ሳይሆን በሚያገለግልበት አገር እንደሚከፈል፥ የግብርን ትምህርት የጀመረ ሁሉ ያውቀዋል። እንግሊዞች ይህን ደንብ ለላኪው ነጋዴ ብቻ ሳይሆን ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ለሚመለሰው ጎብኚም ሲሠሩበት ኖረዋል። እንግዳው ከሎንዶን ሱቅ በ120 ፓውንድ ኮት ቢገዛ፥ 100 ፓውንዱ የኮቱ ዋጋ ሲሆን 20ው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ በሱቁ ፎርም አስሞልቶ ሲወጣም ለጉምሩክ አሳይቶ ግብሩን ያስመልስ ነበር። ይህ አሠራር በእንግሊዝ፥ በስኮትላንድና በዌልስ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2020 መጨረሻ ቀረ።

መንግሥቱ ያቀረበው ምክንያት የገንዘብ ነው። አገሪቱ ከኤውሮፓ ኅብረት ስለ ወጣች፥ አሠራሩ ቢቀጥል ለፈረንሣዩና ለጀርመኑ ጎብኚም መመለስ ግድ ይሆን ነበር። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ስለ ደንቡ ግን ክርክሩ የቀና ሆኖ አላገኘነውም። ያንኑ ኮት ሱቁ ራሱ ወደ ገዢው አገር ቢልከው ዛሬም ከግብር ነፃ ነው፤ ገዢው በእጁ ይዞት ሲሄድ ግን ግብሩ ይቀርበታል። ኮቱም መድረሻውም ያው ሆኖ ሳለ ተሸካሚው ስለ ተለየ ብቻ ግብሩ መለየቱ ምን ይባላል?

የቀድሞው አሠራር ነቀፋ የሌለበት ነበር ማለታችን አይደለም። ገንዘቡን ብዙ ጊዜ የሚመልሱት በመካከል የገቡ ኩባንያዎች ነበሩና የአገልግሎታቸውን ዋጋ ስለሚቀንሱ 20 ፓውንዱ ሙሉውን ለእንግዳው አይደርስም ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያም ዕቃን ከሻንጣ አውጥቶ ለማሳየት መሰለፍ ነበረ፤ መንገድ የደከመው ሰው ትቶት ቢሄድ አንፈርድበትም። የሆቴልና የምግብ ግብር አለመመለሱ ግን ተገቢ ነበር፤ እዚያው ተበልቷልና።

በመስከረም 2022 የገንዘብ ሚኒስትሩ ክዋሲ ክዋርቴንግ አሠራሩን እንደሚመልሱ አስታወቁ፤ ወር ሳይሞላ ተተኪያቸው ጄረሚ ሀንት ሰረዙት። በዚያ ሙግት አብዝቶ የተሰማው የባለ ሱቆች ገበያና የግምጃ ቤቱ ገቢ ነው፤ ግብሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

ሰሜን አየርላንድ ስለ ዕቃ የኅብረቱን የታክስ ደንብ ስለምትከተል አሠራሩ በዚያ አልቀረም። እንግዲህ ከአዲስ አበባ የሄደ ጎብኚ ኮቱን በአሠራሩ ከገባ የቤልፋስት ሱቅ ቢገዛ ግብሩን ያስመልሳል፤ በሎንዶን ቢገዛ ግን አያስመልስም፤ ሁለቱም ከተሞች በአንድ የገንዘብ ሚኒስትር ሥር ናቸው።