ሳሎኑ ለማን ነው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የልጅነት ወዳጄ ደወለና «የቤቴን ፕላን አንድ ጊዜ እይልኝ» አለኝ። እኔ የምህንድስና ሰው አይደለሁም። ግን በማላውቀው ነገር አስተያየት ስጠየቅ እምቢ ማለት ስለማልችል (የብዙዎቻችን በሽታ ይመስለኛል) ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አጠገብ ካለች ቡና ቤት ተቀጣጠርን። ቦታውን የመረጠው እሱ ነው። እናቱ ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አብረን ባደግንበት ግቢ፣ በዚያችው የቀበሌ ቤት ይኖራሉ።

ጥቅሉን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ተመልሶ እየተጠቀለለ ቢያስቸግረን አንዱን ጥግ በማኪያቶ ብርጭቆ፣ ሌላውን በስኳር ዕቃ፣ የቀሩትን በእሱ ሞባይልና በእኔ ክንድ ያዝናቸው። ከሰሚት ወዲያ፣ በማኅበር ተደራጅቶ ባገኘው ቦታ ላይ የሚሠራው ጂ ፕላስ ዋን ነው። ሃያ ዓመት ያህል ሲቆጥብ የኖረለት ቤት ነው። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት፣ አስተያየት ከመስጠት ይልቅ ማኪያቶውን ከፍሎ መሄድ ይሻል ነበር።

የቤት ፕላን ላይ ሰው አይሳልም። መስመር፣ ቁጥርና የበር መክፈቻ ብቻ ነው። ነገር ግን ማን ሰፊ ቦታ እንደ ተሰጠውና ማን ጥግ እንደ ያዘ ረጋ ብሎ ላየው፣ ወረቀቱ የቤተሰቡን የማዕረግ ተራ አንድ በአንድ ይናገራል። እኔም መጽሐፍ እንደማነብ ከመግቢያው ጀመርኩ።

መግቢያው ሳሎን ነው። 6 ሜትር በ7 ሜትር፤ 42 ካሬ። በጠዋት ፀሐይ የሚገባበት እሱ ነው፤ ትልልቆቹ መስኮቶች የእሱ ናቸው፤ በረንዳውም የእሱ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ስቱዲዮው እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ነበር። እንግዲህ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው፣ ከነኪችናቸውና ከነሽንት ቤታቸው የሚኖሩበት ባለ ሁለት መኝታ ቤት የወዳጄ ሳሎን ውስጥ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

«እዚህ ማን ይቀመጣል?» አልኩት።

«እንግዳ ነዋ!»

«እናንተስ?»

«እኛማ ላይ ፋሚሊ ሩም አለን» አለና በጣቱ አሳየኝ። ደረጃው አናት ላይ፣ ቴሌቪዥን የሚቀመጥበት፣ 3 በ3 የሆነች ክፍል ናት። አምስት ሰው የሚኖርበት 9 ካሬ፣ በዓመት አራት ጊዜ ለሚመጣ እንግዳ 42 ካሬ! ሳሎኑ ምን እንደሚሆን ደግሞ እኔም እናንተም እናውቃለን። ሶፋው ጨርቅ ይለብሳል፤ ልጆቹ «እዛ እንዳትገቡ» ይባላሉ፤ ቁልፉ እናትየዋ ጋ ይሆናል።

በወዳጄ ለመሳቅ ግን አልደፈርኩም፤ ሳሎኑ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁና። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ቀበሌው አያድሳቸውም፤ ተከራዩም የራሱ ስላልሆኑ እንደ ልቡ ግድግዳ አያነሳም፣ መስኮት አያወጣም። ስለዚህ የኛ ሰፈር ሰው ፕላን የሚያወጣው በመጋረጃ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ የአባትና የእናት መኝታ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ሳሎን፣ ሲመሽ ፍራሽ ወርዶ የልጆች መኝታ፣ ጣሪያው ሥር ደግሞ ቆጥ። ወዳጄ እስኪመረቅ ድረስ ያጠናው ቆጥ ላይ ነው። 4 በ5 የሆነች አንዲት ክፍል ውስጥ ስምንት ነፍስ ነበሩ። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ልጆች ወደ ውጪ እንባረራለን። ያኔ እናቱ ለእንግዳው «ቤቱ ጠቦ ነው፣ ይቅርታ» ሲሉ የሰማ ልጅ፣ ጎልማሳ ሲሆን 42 ካሬ ቢስል ምን ይፈረድበታል?

ቢሆንም ተከራከርኩት። «ልቅሶ ቢመጣስ? ሽማግሌ ቢመጣስ?» አለኝ፤ ልጁ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቱ ያረፉ ጊዜ አስታወስኩት። ያን ዕለት በዚያች 4 በ5 ቤት የመጣው ለቀስተኛ ሁለት መቶ ቢያንስ ነው። የት ተቀመጠ? ዕድሩ መንገዱ ላይ ድንኳን ጣለ፤ አግዳሚ ወንበሩ መጣ፤ ድስቱና ሰሃኑ መጣ፤ የጎረቤት በር ሁሉ ተከፈተ። ተክለ ሃይማኖት ውስጥ ሳሎን ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ለቀስተኛ ቆሞ የዋለበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ትልቁን እንግዳ ሲያስተናግድ የኖረው ዕድርና መንገድ ነው። ሰሚትም ዕድር አለ። ሁለት መቶ ሰው ከመጣ ደግሞ 42 ካሬውም አይበቃውም፤ ያው ድንኳን መጣሉ አይቀርም።

ለእንግዳ ማሰብ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። የሐረሪዎችን ጥንታዊ ቤት ያየ ሰው እንግዳን ማክበርና የቤቱን ሰው ማሰብ አብረው እንደሚሄዱ ያውቃል። በዋናው ክፍል ውስጥ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች፣ እነሱ «ነደባ» የሚሏቸው፣ አሉ። አባወራው የሚቀመጥበት አለ፤ ለእንግዳ አለ፤ ከዓይን ገለል ብሎ የሚተኙበትም አለ። እንግዳውም ቤተሰቡም በአንድ ክፍል ውስጥ ቦታቸውን ያውቃሉ። ተቆልፎ የሚከርም ክፍል ግን የለም።

ወደ ማብሰያው አለፍኩ። ሁለት ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው «ኪችን» ይባላል፤ ጓሮ ያለው «ማድ ቤት» ይባላል። የሁለቱ ልዩነት የቋንቋ እንዳይመስላችሁ። ኪችን የሚታይ ነው፤ ማድ ቤት የሚሠራበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለጀርመኗ የፍራንክፈርት ከተማ መኖሪያ ቤቶች አንድ ኪችን ነደፈች። ሴትየዋ ያደረገችው ትልቅ ነገር ምግብ የምታበስል ሴት ከምድጃ ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ ወደ ጠረጴዛ የምትሄደውን እርምጃ መቁጠሯ ነው። 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ የሆነችው ይህች ጠባብ ኪችን ወደ አሥር ሺህ በሚጠጉ ቤቶች ገባች። ዛሬ በየቤታችን «ሞደርን» እያልን የምናስገጥማት ኪችን የእሷ የልጅ ልጅ ናት።

ችግሩ እርምጃው የተቆጠረው እንጀራ በማይጋገርበት አገር መሆኑ ነው። የኛ ምጣድ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኤሌክትሪኩ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ቡሃቃ አለ፣ ሰፌድ አለ፣ የሚበርድበት ቦታ አለ፣ እንፋሎቱ አለ። ይህን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ላስገባ ብትል ኪችኑን ከማስፋት በቀር መላ የለውም። ለማስፋት ደግሞ ሳሎኑን መንካት ሊኖር ነው። ማን ይነካዋል? ስለዚህ ምጣዱ ወደ ጓሮ ይሰደዳል።

እኔና ወዳጄም በማኪያቶ ማማሰያ ለካን። ከማድ ቤቱ ተነስቶ፣ በቤቱ ጎን ዞሮ፣ በኪችኑ በር ገብቶ ምግብ ጠረጴዛው ድረስ 14 ሜትር ሆነ። በነሐሴ ዝናብ፣ ትኩስ ወጥ ይዞ 14 ሜትር። ደርሶ መልሱ 28።

የኮንዶሚኒየም ፕላን አውጪዎችን ሁላችንም ስናማ ኖረናል። በዚህ በኩል ግን እነሱ ቢያንስ አስበውበታል። እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያና በግ ማረጃ እንዲሆን ከየሕንፃዎቹ መሃል የጋራ ቤት ሠርተዋል። ብዙ ቦታ ያ ቤት ለሌላ ነገር ሲውል አይቻለሁ፤ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ሴት ሊጥ ተሸክማ ትውረድ ማለትም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ጥያቄውን ጠይቀውታል። የግል ቤት የሚሠራው ሰውዬ፣ የሚያዘውና የሚከፍለው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ ለምን አይጠይቅም?

ከማድ ቤቱ ጎን አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን አየሁ። 1.5 በ2 ሜትር። ስም አልተጻፈባትም።

«ይቺ ምንድን ናት? ዕቃ ቤት?»

«እ... የሠራተኛ ናት።»

መስኮት የላትም። በሯ ከውጪው ሽንት ቤት በር ጋር ፊት ለፊት ነው። 90 ሳንቲ ሜትር አልጋ ቢገባባት የሚተርፈው 60 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በሯ ወደ ውስጥ ሊከፈት አይችልም። ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም። ይቺን ክፍል እንኳን ሊያስብባት ልብ ብሎም አላያትም። ፕላኑ ከሌላ ሰው ቤት ተወስዶ ለእሱ ቦታ የተስተካከለ ነው፤ እሷም አብራ መጣች። ያኛውም ሰውዬ ከሌላ ወስዶት ይሆናል።

የእናቱ መኝታ ፎቅ ላይ መሆኑን ያየሁት መጨረሻ ላይ ነው። ደረጃውን ቆጠርኩ፤ 17 ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «ታች አድርግላቸው» አልኩት። «ታች ቦታ የለም» አለኝ፣ ከ42 ካሬው አጠገብ ክንዱን ተደግፎ።

«እስቲ እሳቸውን እንጠይቅ» አልኩና ተነሳን።

እማማ ፕላን ማንበብ አይችሉም። እኛም ወረቀቱን ትተን ቤቱን ወለላቸው ላይ በእግራችን እየለካን አሳየናቸው። ሳሎኑ ቤቱን ሁሉ ሞልቶ፣ በሩን አልፎ፣ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ደረሰ። እማማ ሳቁ፣ እልል አሉ፣ መረቁት። ደረጃ መኖሩን ሲሰሙ «ምን አለ፣ ቀስ ብዬ እወጣለሁ» አሉ። ልጃቸው የሠራውን ሊነቅፉ አልፈለጉም።

ከዚያ ያቺን የመጨረሻዋን ክፍል አልጋቸው ሥር ለካሁላቸው።

«ይቺስ የማን ናት ልጄ?»

«የሠራተኛ ናት እማማ።»

ዝም ብለው ወለሉን አዩት። እማማ አዲስ አበባ የገቡት በልጅነታቸው ነው፤ ከመርካቶ በላይ አንድ ትልቅ ሰው ቤት ተቀጥረው፣ ባለቤታቸውን እስኪያገቡ ድረስ ስድስት ዓመት ማድ ቤት ውስጥ ተኝተዋል። ይህን እኔም ወዳጄም እናውቃለን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«መስኮቷ የት ነው?» አሉ።

«መስኮት የላትም እማዬ» አለ ወዳጄ ቀስ ብሎ።

«እኔ የምተኛበት እንኳ ነበረው» አሉና ቡና ሊያፈሉ ተነሱ።

ቡናውን ጠጥተን ወጣን። አደባባዩ ድረስ ስንሄድ ወዳጄ ስለ ፕላኑ አላወራም፤ ስለ ብረት ዋጋ ነበር የሚያወራው።

በሳምንቱ ደወለልኝ። አርክቴክቱ ማሻሻያ አስከፍሎታል። ሳሎኑ 5 በ5 ሆኗል። የሠራተኛዋ ክፍል ሰፍታ በምሥራቅ በኩል መስኮት ወጥቶላታል፤ ምጣዱ ግን ያው ጓሮ ቀርቷል፣ ሚስቱ «ሽታው ሶፋ ውስጥ ይገባል» ብላለች። የእማማ መኝታ ታች ወርዷል። አሁን የተጨቃጨቁት በሩ ላይ ነው። አርክቴክቱ ወደ ሳሎን ከተከፈተ ሳሎኑን ያበላሸዋል ይላል፤ ወዳጄ ወደ ኮሪደር ይሁን ይላል፤ እማማ ደግሞ «ሰው ሲገባና ሲወጣ የማይታየኝ ከሆነ ተክለ ሃይማኖቴ ይሻለኛል» ብለዋል።