ባንድ ማዕድ

የካምፕሂል ማኅበረሰብን የበጎ ፈቃድ ሥርዓት ከሁሉ በፊት የማደንቀው ስለ ገበታው ነው። ከጀርመን ወይም ከብራዚል ተነሥቶ ስኮትላንድ፣ አበርዲን አጠገብ የሚገባ ወጣት የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ነዋሪዎች ጋር አንድ ቤት ያድራል፤ ካንድ ማዕድ ይቆርሳል። ደመወዝ የለውም፤ የሚያገኘው ምግብ፣ መኝታና የኪስ ገንዘብ ነው። ደንብ ልብስ ስለሌለ እንግዳ ሰው ረዳቱን ከተረጂው ቶሎ አይለይም።

ሽመና ክፍሉ ውስጥማ ባለሙያው ነባሩ ነዋሪ ነው። መወርወሪያውን በድሩ መሀል ያሾልክና ማጉን መታ መታ አድርጎ ያጠብቃል። ቋንቋው ገና ያልገባው ወጣት እጁን እያየ ይማራል።

መሥራቹ ዶክተር ካርል ኮኒግ ከናዚዎች ሸሽተው ከቪየና የመጡ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940 የቡድናቸው ወንዶች የጠላት አገር ሰዎች ናችሁ ተብለው ታስረው ሳሉ፣ ጓዝ ጠቅልለው ካምፕሂል የተባለው ቤት የገቡት ሴቶቹ ናቸው። ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ክፍል ይህ ነው።

እንዲህ ያለው አኗኗር ቢቀር እንክብካቤውን የፈረቃ ሠራተኛ ይሸፍነው ይሆናል። ቁርስ ላይ «ትናንት ምነው አመሸህ?» የሚል የቤት ሰው ግን ከየት ይመጣል?