ዳርቻው በኪነ ጥበባችን

ኪነ ጥበብ የሚመነጨው ሰው ከሰው ከሚገናኝበት ሥፍራ ነው። ገበያና አደባባይ፣ የወንዝና የሐይቅ ዳር የሕዝብ መድረኮች ናቸው። ከዚህ አንጻር ሲመዘን፣ ስለ ጣና ከተሣለውና ከተገጠመው ሥራ በአብዛኛው ላይ አንድ ጉድለት ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም ውሃውን ሲያሳይ ዳርቻውን፣ ገዳሙን ሲያሳይ መሻገሪያውን መዘንጋቱ ነው።

ለዚህ ደቅ ምስክር ናት። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ የምትገኘው በዚያ ነው። በግድግዳዋ ላይ እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ፤ ሥዕሉ የዘመኑ ጥበብ ከፍተኛ ውጤት መሆኑ አያጠያይቅም። የኋለኞቹ ከያንያን ግን ከደሴቲቱ የወሰዱት ጸጥታዋን ብቻ ነው። ደቅ ገበሬና ዓሣ አጥማጅም የሚኖርባት ምድር ናት። ከወደቧ ጀልባ ሲነሣ ወደ ገበያ የሚሄድ ገበሬ፣ ሐኪም ፈላጊ በሽተኛ፣ ተማሪና መነኩሴ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይተዛዘናሉ። ለጸሐፌ ተውኔት ከዚህ የበለጠ ምን መድረክ ይገኛል?

ጀልባው የሚደርስባት ከተማ ስሟ ራሱ ዳርቻውን ይጠራል፤ ባሕር ዳር። በዚያም ተማሪው፣ ሠራተኛውና ባለቤተ ሰቡ ከዛፍ ጥላ ሥር ሐይቁን እያዩ ያርፋሉ። ይሁን እንጂ የዳርቻው ከፊል በሆቴልና በተቋማት አጥር ተከልሎ ኖሯል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ፣ እምቦጭ ውሃውን መውረር ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ሕዝቡም አረሙን በእጁ ለመንቀል በሺህ ወጥቷል፤ ከያኒውም ተቀኝቶለታል። አጥሩ ግን የአረሙን ያህል ገጣሚ አላገኘም። ሁለቱም ሕዝቡን ከውሃው የሚለዩ መሆናቸው ተዘንግቷል።

ሆቴሉ የብዙ ሰው እንጀራ ነው የሚለው ክርክር ሊናቅ አይገባም። ሆኖም እንጀራ ያገኘው ሠራተኛ በዕረፍት ቀኑ ልጆቹን ይዞ በነጻ የሚቀመጥበት ዳር ካጣ፣ ያተረፈው ጎደሎ ነው። ከደቅ የመጣው ገበሬም ከከተሜው ጋር የሚገናኘው በገዢና በሻጭነት ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ የከያኒው ተግባር ሐይቁን ማወደስ ብቻ አይደለም። ከወደቡ ተቀምጦ የሚወርደውንና የሚሳፈረውን ማዳመጥ፣ በመንገዱም ላይ አጥር ሲቆም አጥር ብሎ መጥራት ይገባዋል። ዳርቻውን ያላየ ገጣሚ ጣናን አይቷል ለማለት ያስቸግራል።