ከማሽኑ በፊት ፍሬው

ኮተቤ ላይ ጁስ ቤት ስለምሠራ ደንበኛ ሒሳብ ከፍሎ ሲያበቃ ቆም ብሎ የሚጠይቀኝ ነገር አለ፦ «ለቤት የትኛውን የጁስ ማሽን ልግዛ?» ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። አንገቱ ረዘም ያለ፣ ሁለት አፍ ያለው፣ ጭማቂው በአንዱ አተላው በሌላው የሚወጣ መጭመቂያ ነው። ማማሩስ ያምራል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ቤታችሁ የሚወደደው የምን ጁስ ነው?» መልሱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፤ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ካልሆነ ስፕሪስ።

እንግዲያው ፎቶው ላይ ያለው ማሽን አይሆንም። መጭመቂያ ሥራው ውሃውን ከአሰሩ መለየት ነው፤ አቮካዶ ደግሞ የሚለይ ውሃ የለውም፣ ሥጋና ቅባት ነው። ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ከዚያ ቢጨምቁት ቢያሽከረክሩት ጠብ አይልም። ሙዝም እንዲሁ ነው። ማንጎና ፓፓያ ትንሽ ይወጣላቸዋል፤ ነገር ግን የተከፈለበት ሥጋ ብዙው ከአተላው ጋር ይሄዳል። እኛ አገር ጁስ ከብርጭቆው ላይ ማንኪያ የሚያቆም፣ አቮካዶው ከማንጎው፣ ማንጎው ከፓፓያው ሳይደባለቅ ተደራርቦ የሚቀመጥ ነገር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ለስንቱ ሰው ራት ሆኖ የሚያመሸው እሱ ነው። ይህን የሚሠራው ብሌንደር ነው፤ ጁስ ቤቱ ሁሉ የሚሠራበትም እሱ ነው።

ብሌንደርም ቢሆን ለእኛ አቮካዶ ታስቦ አልተሠራም። ከጆግ ሥር ቢላ አድርጎ ማሽከርከርን እ.ኤ.አ. በ1922 ያመጣው ስቲቨን ፖፕላውስኪ የተባለ የአሜሪካ ዊስኮንሲን ሰው ነው፤ ያሰበውም ለወተት መጠጥ ነበር። ቢላው ከታች ያለ ጆግ የቀጭን ነገር መሣሪያ ነው። ወፍራም ሲገባበት በዙሪያው ያለውን ፈጭቶ ወደ ግድግዳው ይበትነውና መሃሉ ላይ የአየር ጉድጓድ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ቢላው የሚመታው አየር ነው፤ ላዩ ላይ ያለው አቮካዶ እንዳለ ነው። ይህን ከዓይን ቀድሞ ጆሮ ያውቀዋል። ሲጀምር ይንገጫገጫል፤ ፍሬውን ሲይዝ ድምፁ ይወፍርና ያጓራል፤ አየር ሲይዝ ድንገት ይቀጥናል፣ ያፏጫል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ፍጥነት ይጨምራል። የባሰ ጉድጓድ ነው የሚሠራው። አጥፍቶ፣ ከግድግዳው በማንኪያ ወደ መሃል መልሶ፣ እየነካ እየለቀቀ ማስነሳት ነው የሚሻለው። ከሁሉም በፊት ግን ውሃውና ሎሚው ከታች ይግቡ፣ ለስላሳው ፍሬ ይከተል፣ ጠንካራው ከላይ ይሁን። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም። የተፈጨ አቮካዶ አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ ኮምጣጣው ያዘገየዋል።

ይህን ያወቀ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው ጆጉን ነው። ሰፊ ጆግ ለትልቅ ቤተሰብ የሚሆን ይመስላል፤ ሁለት ብርጭቆ አቮካዶ ሲገባበት ግን ቢላው በባዶ ይዞራል። ከታች ጠበብ ያለ፣ የቢላው ጫፍ ገሚሱ ወደ ላይ ገሚሱ ወደ ታች የተቀለበሰ፣ ክዳኑ መሃል ላይ ተከፍቶ መጠቅጠቂያ የሚያስገባ ይሻላል። መስታወት ይሁን ፕላስቲክ የሚለው ክርክር እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም። መስታወት ይሰበራል፣ ፕላስቲክ ይደበዝዛል፣ በቃ። የሚያስጨንቀኝ ጠዋት ዳጣ የተፈጨበት ጆግ ማታ የፓፓያ ጁስ ሲወጣበት ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ቢላው ሥር ያለው ጎሚኒ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ በሳሙናም አይለቅም። ሁለት ጆግ ያለው ማሽን ይገዛ፣ አንዱ ለቅመም ይሁን።

አሁን ስለ ዋት። ገበያው ላይ 4,500 ዋት የሚል ጽሑፍ በትልቁ የተለጠፈባቸው ብሌንደሮች ሞልተዋል። ሒሳቡን እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆሞ መሥራት ይቻላል። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ተራ ሶኬት ቢበዛ የሚችለው 16 አምፒር ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 3,520 ዋት ይመጣል። ታዲያ 4,500ው ከየት ይመጣል? ያን ያህል በእውነት የሚስብ ማሽን ቢኖር መጀመሪያ የሚቀልጠው ያ ቀጭን ገመዱ ነበር። ማሽኑን ገልብጡት፤ ሥሩ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ሰሌዳ ካለ ለእውነት የሚቀርበው ቁጥር እዚያ ነው። ሰሌዳ ከሌለው መልሳችሁ አስቀምጡት። ለቤት አቮካዶና ማንጎ ከ500 እስከ 1,000 ዋት ያለ፣ እውነተኛ ጉልበት ይበቃል።

ከሻጮች ሲነሳ የማልሰማው ሌላ ጉዳይ ከፍታው ነው። ኮተቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት የሚወጣ ሰፈር ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ደረጃ ደግሞ በተለምዶ የሚወጣለት እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ታስቦ ነው። ሞተር የሚቀዘቅዘው የራሱ ማራገቢያ በሚነፋው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀቱን የሚወስድለት ይቀንሳል። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ቀኑን ሙሉ ለሚያስነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለቤት ግን መመሪያው «ከአንድ ደቂቃ በላይ አታሠሩ» ካለ የእውነቱን ነው ብሎ መቀበል ይበቃል። የጋለ ሞተር ሽታ አፍንጫ ላይ ከደረሰ በኋላ «ትንሽ ብቻ ቀረች» አይባልም።

አንዳንድ እናት ደግሞ ትመጣለች፤ «ልጆቼ ከአሜሪካ ልከውልኛል፣ ገና ካርቶኑን አልከፈትኩትም» ትላለች። እትዬ፣ አይክፈቱት እላለሁ፣ መጀመሪያ ሰሌዳውን እንየው። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። እንዲሁ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ሞተሩ ከሚችለው ከሦስት እጥፍ የበለጠ ኃይል ሊስብ ይሞክርና ሳይፈጭ ይጨሳል። ማውረጃ ትራንስፎርመር አለ፤ ነገር ግን ለ1,000 ዋት ብሌንደር ቢያንስ 1,500 ዋት የሚችል ያስፈልጋል፣ እሱም ብረት ነው፣ ከብሌንደሩ ይከብዳል፣ የወጥ ቤቱንም ግማሽ ጠረጴዛ ይይዛል። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣ ከሆነ ቮልቱ ይስማማል፤ ቢበዛ ችግሩ የሶኬቱ እግር ነው።

መጭመቂያ ታዲያ ለማን ነው? ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ አናናስ፣ ፖም፣ ዝንጅብል ለሚጠጣ ቤት። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። ፈጣኑ ፍሬውን ፍቆ በደቂቃ በሺዎች በሚቆጠር ዙር ወንፊት ላይ ይወረውረዋል፤ ዝግተኛው በደቂቃ ከ40 እስከ 100 ገደማ በሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ወይም ፕላስቲክ እያኘከ ይጨምቃል። ዝግተኛው ዋጋው ይወደዳል፣ ካሮቱንም ከትፈህ ካልሰጠኸው ይነክሳል፣ ግን ጸጥተኛ ነው፣ ከአተላው ውስጥም ብዙ አያስቀርም። ስለ ፈጣኑ «ሙቀቱ ቫይታሚኑን ይገድለዋል» እየተባለ የሚወራው በእኔ ግምት ተጋንኗል። ለጥቂት ሰኮንድ የዞረ ካሮት አይሞቅም። ጭማቂውን የሚያበላሸው አብሮ የሚመታው አየር ነው፤ አረፋውን ተመልከቱ። ወዲያው ለሚጠጣ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ጨምቆ ለነገ ፍሪጅ ውስጥ ለሚያስቀምጥ ግን ዝግተኛው ይሻለዋል። ቆስጣና ጎመን ለመጭመቅ የሚያስብ ካለ ደግሞ ምርጫ የለውም፣ ፈጣኑ ቅጠል ላይ ከንቱ ነው።

የትኛውም ይሁን መፈተኛው አንድ ነው። አተላውን በጭብጥ ይዞ መጨመቅ። ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ማሽኑ ግማሹን ፍሬ እየጣለው ነው። ደረቅ ሆኖ ከእጅ ላይ ከተበተነ ማሽኑ ሠርቷል። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ሦስት ካሮት ይዞ መሄድ አያሳፍርም፤ እኔ ይዤ እሄዳለሁ።

እጅ እንግዲህ ክፉ ማሽን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ጁሴሮ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ተቆራርጦ የታሸገ ፍሬ በከረጢት የሚጨምቅ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ማሽን በ699 ዶላር አወጣ። በዓመቱ የብሉምበርግ ጋዜጠኞች ከረጢቱን በእጃቸው ሲጨምቁት ያው ጭማቂ ወጣ፣ በዚያው በ2017 ኩባንያው ተዘጋ። ብርቱካን ለሚወድ ቤት የምመክረው የእጅ መጭመቂያ ነው፤ ወይ ጠመም ያለውን የሎሚውን ዓይነት፣ ወይ ክንድ ያለውን ከባድ ብረት። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ የሚቃጠል ሞተር የለውም። ጥበቡ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ልጣጩ እስኪደቅ ከተጫኑት የልጣጩ ዘይትና የነጩ ሽፋን ምሬት አብሮ ይወርዳል፤ ብርቱካኑ «በቃኝ» ሲል ክንዱን መልቀቅ ነው። ብርቱካንን ልጦ ከነፍሬው ብሌንደር ውስጥ መክተትም ያው ነው፤ ፍሬው ይፈጭና ይመራል። የፓፓያ ፍሬም እንደዚሁ፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል።

ብርቱካን ላይ ሌላም የምለው አለ። አንድ ብርጭቆ ሦስት ወይም አራት ፍሬ ይፈጃል፣ ከ20 ግራም ያላነሰ ስኳርም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የጭማቂን ስኳር ከሻይ ስኳር ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው የከተተው፤ ፍሬውን እንዳለ ሲበሉት ግን ያ አይቆጠርም። ጁስ ሻጭ ሆኜ ይህን መናገሬ ለገበያዬ ጥሩ አይደለም። ቢሆንም እኔ ቤት ልጆች ብርቱካኑን ልጠው ነው የሚበሉት፣ አቮካዶ ጁሳቸው ላይም ስኳር አይገባም።

ፍሬው ራሱ ደግሞ ማሽኑን ይመርጣል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም በኮሮና ጊዜ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ወደ እኛ የሚመጣው ፍሬ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው። ሾላ ገበያ ወይም ጉሊት ላይ ሲደርስ ገሚሱ ተቀጥቅጧል። የተቀጠቀጠ ማንጎ ቆርጦ ደህናውን መፍጨት ይቻላል። የአገሩ ማንጎ ጣዕሙ ወደር የለውም፤ ክሩ ግን ቢላው ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል፣ ስለዚህ ቢላው ተፈትቶ የሚታጠብ መሆን አለበት። አፕል ማንጎ ክር የለውም ማለት ይቻላል፣ ዋጋው ላይ ግን ክሩን ያስታውሳል። አቮካዶ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ኮተቤ ላይ አልበስል ብሎ ይቀመጣል፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከሙዝ ጋር ማድረግ ያፈጥነዋል፣ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ነው የሚያበስለው። ያልበሰለ አቮካዶ ላይ የትኛውም ብሌንደር ጥፋተኛ አይደለም።

ብዙ መጭመቂያ ካርቶኑ ውስጥ ተመልሶ ከአልጋ ሥር የሚገባው በውሃ ምክንያት ነው። የለገዳዲ ግድብ ከእኛ በስተምሥራቅ ቅርብ ነው፣ የእኛ ቧንቧ ግን በፈረቃ ነው። ውሃ በሌለበት ቀን አምስት ስድስት ቁራጭ፣ በተለይ ያንን ደቃቅ ወንፊት፣ ከጀሪካን እየቀዱ ማጠብ ቀልድ አይደለም። ወንፊቱ ካልታጠበ ይደርቃል፤ የደረቀ የካሮት አሰር ደግሞ በብሩሽም አይነሳም፣ ቀስ በቀስ ቀዳዳውን ይዘጋና ጭማቂው ቀነሰ ይባላል። ስለዚህ ሻጩን ከዋት በፊት የምጠይቀው «ስንት ቁራጭ ነው የሚታጠበው?» ብዬ ነው። ብሌንደር ከሆነ ግን ቀላል ነው። ትንሽ ውሃና አንድ ጠብታ ሳሙና አድርጎ ለአንድ አፍታ ማስነሳት፣ ከዚያ ጎሚኒውን አውጥቶ ለብቻ ማጠብ።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ባዶውን አስነስቶ ይስማ። ከሥር በመተንፈሻው ቀዳዳ ሰማያዊ ብልጭታ በርከት ብሎ ከታየ ካርቦኑ አልቋል፤ እሱ በርካሽ ይቀየራል፣ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ቢላውን በጣት ይዞ ሲወዘውዙት ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጆጉ ሥር ጥቁር እርጥበት ካለ ግን ዋናው መዞሪያ ተበልቷል፣ ይተውት። አዲስ ከሆነ መርካቶም ይሁን መገናኛ፣ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ጎሚኒውና ሞተሩ ላይ ጆጉን የሚይዘው የጎማ ጥርስ ለብቻቸው ይሸጡ እንደሆነ ጠይቁ። ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው። «አይገኝም፣ ግን አይበላሽም» ካሏችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።