መመሪያው ጤና ኬላ ሲደርስ፦ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት በኮቪድ-19 ወቅት

የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት አስፈላጊ የጤና አገልግሎቶች ሳይቋረጡ ስለሚቀጥሉበት መንገድ የሚያትተውን የአሠራር መመሪያ ያወጣው ግንቦት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2020) ነበር። ሰነዱ በመጋቢት ወር ተሰራጭቶ የነበረውን አጠር ያለ መመሪያ አስፍቶ የተካ ሲሆን፣ ከአስተዳደርና ከቅንጅት ጀምሮ እስከ ክትባት፣ ወሊድ፣ ሳንባ ነቀርሳና ሥር የሰደዱ በሽታዎች ድረስ ያሉትን አገልግሎቶች በየተራ ይዳስሳል። ድርጅቱ ያወጀው ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ማብቃቱ ከተገለጸ ወዲህ ሰነዱን ከመደርደሪያ የሚያወርደው ሰው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር በጤና ባለሙያው እጅ የሚገባው እንዲህ ያለ ጽሑፍ በመሆኑ፣ ከጥድፊያው ጊዜ ውጭ በሰከነ መንፈስ መመርመሩ ተገቢ ነው።

የሰነዱ መነሻ ሐሳብ የሚያከራክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ከ500 የሚበልጡ የጤና ሠራተኞችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ሕዝቡ ጤና ተቋማትን ሸሸ፤ ወባ፣ ኤችአይቪና ሳንባ ነቀርሳ ያለ ሕክምና ቀሩ። በኋላ የወጡ የስሌት ጥናቶች በአገልግሎት መስተጓጎል ሳቢያ የደረሰው ተጨማሪ ሞት ከኢቦላው ሞት ጋር የሚቀራረብ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። መመሪያው ይህን ትምህርት ወስዶ ወረርሽኙን መከላከልና የዕለት ተዕለቱን ሕክምና መቀጠል የአንድ ሥራ ሁለት ገጽታዎች እንደሆኑ በግልጽ ማስቀመጡ ትልቁ ቁም ነገሩ ነው።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ የዋዛ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን መትቶ ወደ 10 ሺህ የሚገመት ሰው ሲጨርስ፣ የሚቋረጥ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎት አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ ሲገለጽ ግን ሊቋረጥ የሚችል ብዙ ነገር ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞችን አሰማርቷል፤ አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ ያገለግላል፤ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችም በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይታቀፋሉ። እናቶች መከተብና መመርመር የለመዱት በዚህ መዋቅር አማካይነት ነው። የወረርሽኙ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ልማድ ይጸናል ወይስ ይፈርሳል የሚል ነበር።

መመሪያው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጣቸው መልሶች በየራሳቸው ሲታዩ ያማሩ ናቸው። በመግቢያ በር ላይ ልየታ ይደረግ፤ በብዙ ቀጠሮ የሚሰጡ አገልግሎቶች በአንድ ጉብኝት ይጠቃለሉ፤ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ይታዘዝ፤ በአካል መገናኘት በስልክ ይተካ፤ ሥራ ወደ ዝቅተኛው የሙያ እርከን ይሸጋገር ይላል። ከምክሮቹ ብዙዎቹ ላይ ግን ሁኔታው ከፈቀደና የሚቻል ከሆነ የሚል መንፈስ ያለው ገደብ ተጨምሯል። ለመላው ዓለም የሚጻፍ ሰነድ ያለ እንዲህ ያለ ገደብ ሊጻፍ እንደማይችል ግልጽ ነው። ሆኖም የሰነዱ ሸክም ሁሉ ያረፈው በዚያች ገደብ ላይ ነው። የሚቻለውና የማይቻለው በምን እንደሚለይ፣ ካልተቻለስ በምትኩ ምን እንደሚደረግ የሚናገረው ጥቂት ነው። አንድ ወይም ሁለት ክፍል ብቻ ያለው፣ የቧንቧ ውኃ ያልገባለት ጤና ኬላ የሚያስለውን ከማያስለው ለይቶ ያስቀምጥ ሲባል፣ የሚቻለው አንዱን ዛፍ ሥር ማስቀመጥ ነው። ይህ ደግሞ መጥፎ መፍትሔ አይደለም፤ ነፋሻ ቦታ ከተዘጋ ክፍል እንደሚሻል የወረርሽኙ ሳይንስ ራሱ በኋላ አረጋግጧል። መመሪያው ግን እንዲህ ያለውን ቀላል ዘዴ እንደ መፍትሔ አልቆጠረውም።

ሌላው ደካማ ጎን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛዋን የሚያይበት ዓይን ነው። ሰነዱ የማኅበረሰቡ እምነት ያላት መሆኗን ደጋግሞ ያወሳል። ይሁንና ወረርሽኙን የመከላከሉ ሥራ በነባሩ ሥራዋ ላይ ሲጨመር ከነባሩ ሥራ የትኛው እንደሚነሣላት አይወስንም። በኢትዮጵያ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የቤት ለቤት ቅኝት፣ የእጅ መታጠብ ትምህርትና ከውጭ የተመለሱ ሰዎችን የመከታተል ሥራ በአብዛኛው የወደቀው በዚሁ የታችኛው እርከን ላይ ነው። ሁለት ሠራተኞች ያሉት ጤና ኬላ አንዷን ለቅኝት ሲያሰማራ የክትባት ቀጠሮና የነፍሰ ጡር ክትትል በሌላዋ ጫንቃ ላይ ይቀራል። ይህን ማላመድ ብሎ መጥራት የቃሉን ትርጉም መለጠጥ ነው፤ የተደረገው ሸክሙን ከላይ ወደ ታች ማውረድ ነበር።

የመመሪያው ዋነኛ ድክመት ጎልቶ የሚታየው ግን በመድኃኒት ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት የመስጠት ምክር በኢትዮጵያ ለአንድ ወገን ሕመምተኞች በሚገባ ሠርቷል። የፀረ-ኤችአይቪ ሕክምና ከጀመሩት መካከል ሁኔታቸው የተረጋጋ ሰዎች በየስድስት ወሩ ብቻ እየመጡ መድኃኒታቸውን የሚወስዱበት የቀጠሮ ማራራቅ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ማለትም ኮቪድ ከመምጣቱ ሦስት ዓመት አስቀድሞ። ማን የተረጋጋ እንደሚባል መስፈርት ወጥቶለታል፤ ባለሙያው ሠልጥኖበታል፤ የመድኃኒቱ ትንበያም በዚያው መጠን ተሠርቷል። ወረርሽኙ ሲመጣ የቀረው ሥራ የተጠቃሚውን ቁጥር ማስፋት ብቻ ነበር። ስለዚህም ብዙ ሕመምተኞች ወረርሽኙ ባየለባቸው ወራት ወደ ጤና ተቋም ሳይመላለሱ መድኃኒታቸው በቤታቸው ነበር።

በዚያው ጤና ጣቢያ፣ ምናልባትም በዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው የደም ግፊት ሕመምተኛ ዕጣ ግን ሌላ ነው። የእርሱ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሊታዘዝለት የማይገባ ሆኖ አይደለም፤ በሕክምና ረገድ ሲታይ ነገሩ እንዲያውም ይቀላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከመድኃኒቱ ምንጭ ነው። የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በግሎባል ፈንድና በአሜሪካ መንግሥት የፔፕፋር መርሐ ግብር ገንዘብ ተገዝቶ ለሕመምተኛው በነፃ ይሰጥ ነበር። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ግን በአመዛኙ ተቋሙ በተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ ገዝቶ የሚሸጠው ነው። የሦስት ወሩን በአንድ ጊዜ ለመስጠት ተቋሙ የሦስት ወር ክምችት፣ የጤና መድን የሌለው ሕመምተኛም የሦስት ወር ዋጋ በኪሱ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱም በሌሉበት የባለሙያው መልካም ፈቃድ የትም አያደርስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 በ155 አገሮች ባደረገው ዳሰሳ 53 በመቶ በሚሆኑት የደም ግፊት ሕክምና፣ 49 በመቶ በሚሆኑት ደግሞ የስኳር ሕክምና በከፊል ወይም በሙሉ ተስተጓጉሎ ተገኝቷል። መመሪያው የገንዘብ እንቅፋቶችን ስለ ማስወገድ ይናገራል፤ ስለ ረጅም ጊዜ ማዘዣም ይናገራል፤ ሁለቱን ግን በአንድ ሕመምተኛ ላይ አያገናኛቸውም።

የሳንባ ነቀርሳም ነገር በዚሁ መልክ የሚታይ ነው። ሳል ከኮቪድ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ መግቢያ በር ነበር፤ ከመጋቢት 2012 በኋላ ግን የመገለል ምልክት ሆነ። የሚያስል ሰው ወደ ለይቶ ማቆያ እንዳይወሰድ ፈርቶ ሳሉን የሚደብቅበት፣ ደፍሮ ሲመጣም ለኮቪድ ተመርምሮ ነፃ ነህ ተብሎ የሚሸኝበት ጊዜ ነበር። በዓለም አቀፍ ደረጃ አዲስ ተመዝግበው ለሕክምና የቀረቡ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረበት 7.1 ሚሊዮን በ2020 ወደ 5.8 ሚሊዮን ወርዷል። በሽታው አልቀነሰም፤ የቀነሰው የተገኘው ሰው ነው። በልየታው በር ላይ የኮቪድ ጥያቄ ሲጠየቅ ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ እንደሆነ ማጣራት፣ ከቆየም አክታ መቀበል ተጨማሪ ሠራተኛ አይጠይቅም ነበር። መመሪያው በበሽታ በበሽታ የተከፋፈለ በመሆኑ በሩ ላይ የቆመችው ነርስ ሁለት ምዕራፎችን አንብባ ራሷ እንድታዋህዳቸው ይተዋታል።

በክትባት ረገድ የሚቀርበው ምስክርነት ግን የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ከሰነዶቹ ይልቅ ውሳኔው በልጧል። ድርጅቱ መጋቢት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ምክር መደበኛው ክትባት እንዲቀጥል፣ የዘመቻ ክትባት ግን ለጊዜው እንዲገታ አሳስቦ ነበር። በኢትዮጵያ የታቀደው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻም ተላለፈ። ይሁን እንጂ ኩፍኝ አንድ ሕመምተኛ ክትባት በሌለበት ከ12 እስከ 18 ሰዎችን ሊያስይዝ የሚችልበት በሽታ በመሆኑ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በግንቦት ወር ድርጅቱ ጉዳቱና ጥቅሙ እየተመዘነ እንዲወሰን የሚያስችል ማዕቀፍ ሲያወጣ፣ አገሪቱ በ2012 ክረምት መግቢያ ዘመቻውን አካሂዳ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ከተበች። የክትባት ቦታዎች በዙ፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና የእጅ ማጽጃ ቀረበ። በዚያው ዓመት በዓለም ላይ የሦስተኛውን ዙር የዲፒቲ ክትባት ያላገኙ ሕፃናት 23 ሚሊዮን ደርሰው ከቀዳሚው ዓመት በ3.7 ሚሊዮን መብለጣቸው ሲታሰብ፣ ዘመቻውን ለመቀጠል የተደረሰበት ድፍረት ዋጋው ይታወቃል። ይህም ቢሆን ከባዶ ሜዳ የተነሣ አልነበረም፤ ቤት ለቤት የሚያውቁ ሠራተኞችና ክትባትን የለመደ ሕዝብ አስቀድመው ነበሩ።

የመመሪያው የመጨረሻ ጭብጥ የአገልግሎቱን አካሄድ መከታተል ነው። በዚህም ላይ የሚታመነው በየወሩ በሚሰበሰብ ቁጥርና በዲጂታል መረጃ ነው። ቁጥር የመጣውን ሰው ይቆጥራል፤ የቀረው ማን እንደሆነ ግን አይነግርም። የወረዳው ሪፖርት በሚያዝያ ወር የተከተቡ ሕፃናት በዚህን ያህል ቀነሱ ሲል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትፈልገው የየትኛው ቤት ልጅ እንደቀረ ማወቅን ነው። የሚያስገርመው ለዚህ የሚያገለግል መሣሪያ ከወረርሽኙ በፊት በጤና ኬላዎች የተዘረጋ መሆኑ ነው። ፋሚሊ ፎልደር በሚል ስም የሚታወቀው የቤተሰብ ማኅደር የየቤቱን ሰዎች መዝገብ ይይዛል፤ ቲክለር የሚባለው ሳጥን ደግሞ በወራት ተከፋፍሎ የእያንዳንዱን ተገልጋይ ካርድ በሚቀጥለው ቀጠሮው ወር ሥር ያስቀምጣል። ወሩ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ የቀሩት ካርዶች የቀሩት ሰዎች ናቸው። መብራት፣ ስልክና ኢንተርኔት አይሻም። አንዲት ሠራተኛ ለቅኝት በወጣችበት ቀን እነዚያን ካርዶች ይዛ ብትወጣ የኮቪዱ ጉብኝት የክትባትም ጉብኝት ይሆን ነበር። ማኅደሩ በየቦታው በሚገባ ተሞልቶ አይገኝም ተብሎ ይነቀፋል፤ ነቀፋውም እውነት አለው። ያልተሞላ ማኅደርን መሙላት ግን አዲስ የዲጂታል ሥርዓት ከመትከል የሚቀድም ሥራ ነበር፤ ሥራውም የሚሠራው ወረርሽኝ በሌለበት ዓመት፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛውም ካርድ በሳጥኑ ውስጥ የራሱን ቦታ እንዲያገኝ ተደርጎ ነው።