አንድ ቀን ለአንድ ደብር

በቅርቡ መኪና የገዛ አንድ የሰፈራችን ወጣት፣ ብቻውን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎጃም በኩል እስከ ጎንደር ለመጓዝ መቍረጡን ካጫወተኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ጎንደር ላይ ለጉብኝት የምትተርፈኝ አንዲት ቀን ናት፤ በዚያች ቀን ስንት ቦታ ባዳርስ ይበቃኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ ጎማ ወይም ስለ ፍሬን፣ ወይም የዓባይ በረሓ ቁልቁለት በስንተኛ ማርሽ እንደሚወረድ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ ባጭሩ መልሼለት በተለያየን ነበር፤ ይህኛው ጥያቄ ግን ለብዙ ዘመን በልቤ ሳመላልሰው የኖርሁትን ነገር ስለ ነካ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ በሚነገር ቃል የሚያልቅ ሆኖ አላገኘሁትም። መልሴ አንድ ቦታ ነው፤ እርሱንም ሁለት ጊዜ።

በዚህ ነገር ከእኔ ጋር ፈጽሞ የማይስማማ፣ እንደ እኔው በጡረታ ላይ ያለ፣ እንደ እኔው ብቻውን አገር ለአገር የሚዞር አንድ ወዳጅ አለኝ። መንገዱን ከእኔ አብልጦ ያውቃል፤ በመኪና ዕውቀትም አልደርስበትም። እርሱ ጎንደር የገባ እንደ ሆነ በማለዳ የፋሲልን ግቢ፣ ቀጥሎ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለውን መዋኛ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ሥላሴን አዳርሶ፣ ምሳውን በቶሎ በልቶ ወደ እቴጌ ምንትዋብ ቍስቋም ይወጣል፤ ሰዓት የተረፈው እንደ ሆነም ወደ ጎርጎራ ወርዶ ጣናን ሳያይ አያመሽም። ምክንያቱን ሲያስረዳም፣ «ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነድተን፣ ይህን ሁሉ ነዳጅ አቃጥለን ደርሰን፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ተሳልመን የምንመለስ ከሆነ ለምን ደከምን? ዳግመኛ ለመምጣታችንስ ማን ዋስ ሆነን?» ይላል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ በተለይ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ የዋሱ ነገር ሰውን ያሳስባል። ነገር ግን እኔ ከዚያው ሐሳብ ተነሥቼ የምደርሰው ወደ ሌላው ወገን ነው፤ ዳግመኛ ለመምጣቴ ዋስ ስለሌለኝ አንዱን ቦታ እስኪዋሐደኝ ድረስ ማየት ይገባኛል፤ ዋስ ቢኖረኝማ ኖሮ በሩጫ ባልፈውም ግድ ባልነበረኝ።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት የሚያጣድፈው ሰው አለመኖሩ ነው። ከባልንጀራ ጋር የሄደ እንደ ሆነ አንዱ ሲርበው ሌላው ይነሣል፣ አንዱ ሲሰለቸው ሌላው ያፍራል፤ ብቻውን የሄደ ግን ልቡ እስኪረካ ድረስ መቀመጥ ይቻለዋል። ይህን የመሰለ ሀብት በእጁ ይዞ ሳለ፣ ቀኑን በሰዓት ከፋፍሎ ራሱን በራሱ የሚያጣድፍ ሰው ስለ ምን ብቻውን እንደ ወጣ አይገባኝም። ስለዚህ በጉብኝት ቀን መኪናዬ ካደረችበት ግቢ አትወጣም። ሙሉ ቀን መሪ ይዞ የዋለ ሰው ዐይኑ ጉድጓድና ከብት፣ ድንገት የሚሻገር ሕፃንና ከፊት የሚመጣ አይሱዙ መጠባበቅ ለምዷልና፣ በማግሥቱ እንደ ገና ከመሪው ኋላ ከተቀመጠ ያ ዐይን ሳይለወጥ ወደ ሥዕሉና ወደ ግንቡ ይሄዳል፤ የሚያየውም እንቅፋት እንዳይኖር እንጂ ምን እንዳለ አይደለም። በእግር የሄደ፣ ቢደክመውም ባጃጅ የያዘ፣ ከዚህ ይድናል።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለዐቢይ በዓል ዋዜማ የሠራለት ሰው ወደ በዓሉ በድንገት እንዳይገባ፣ ልቡን አስቀድሞ እንዲያሰናዳ ነው፤ የጉብኝትም ቀን እንዲሁ ዋዜማ ያስፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። ለጎንደር የምመርጠው ዋዜማ ጉዛራ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ለሚመጣ ሰው፣ እንፍራዝ አጠገብ ከመንገዱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት የሚባለው ግንብ ይገኛል፤ ብዙ ነጂዎች ጎንደር ለመድረስ ሲቸኩሉ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ያልፋሉ። ሠርፀ ድንግል የነገሡት ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ከመቈርቈራቸው በፊት በነበረው መቶ ዓመት ነውና፣ ይህን ግንብ አይቶ፣ ክብ ማዕዘኑን በእጁ ዳብሶ፣ ከታች የተዘረጋውን የጣናን ውሃ ተመልክቶ ጎንደር የገባ ሰው፣ የጎንደር ግንቦች ከሰማይ የወረዱ ሳይሆኑ ቀድሞ የተጀመረ የእጅ ሥራ ፍጻሜ መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በዚያ ኮረብታ ላይ አንድ ጊዜ ያገኘሁት ከብት ጠባቂ ልጅ፣ ድንጋዩ የተያያዘበትን ኖራ በጥፍሩ እየነካ፣ ዝናም ሲመታው ኖሮ እንዴት እንዳልታጠበ ጠይቆኝ ነበር። በመጻሕፍት ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ያ ልጅ ወደ ድንጋዩ አቀረበኝ።

ከዚያ በኋላ ጎንደር ላይ የምመርጠው ደብረ ብርሃን ሥላሴን ነው። የፋሲልን ግቢ ንቄ አይደለም፤ ግቢው በሙሉ፣ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዘፈን ቤት፣ የአንበሶቹ ጕረኖ ሳይቀር፣ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ታላቅ ስፍራ ነው፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋልና ለሌላ ጕዞ አቈየዋለሁ። ወዳጄ በዚህ ላይ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ደብረ ብርሃን በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የተተከለ ደብር ነው። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ክብ እንደ ነበረና በመብረቅ እንደ ጠፋ ይነገራል፤ ዛሬ የምናየው አራት ማዕዘን፣ የሣር ክዳን ያለው የድንጋይ ሕንፃ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ይህ ተረፈ፤ የአገሩ ሰው እንደሚናገረው ያዳነው ከቅጥሩ ወጥቶ በወራሪዎቹ ላይ የሰፈረ የንብ መንጋ ነው። ቅጥሩን የከበቡት ዐሥራ ሁለቱ ክብ ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል። ይህን ሁሉ አስጐብኚው በሩብ ሰዓት ይነግርዎታል፤ እውነትም ነው፣ ጠቃሚም ነው፤ እንግዳው ግን ይህን ሰምቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ገብቶ፣ ወደ ጣራው አንጋጦ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሄደ እንደ ሆነ፣ ዐይኑ ገና ከውጭው ብርሃን ሳይለይ፣ ጨለማውን ሳይለምድ ወጥቷልና አየ ለማለት እቸገራለሁ።

በጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ገብቼ ከግድግዳው ሥር ስቀመጥ መጀመሪያ የሚታየኝ ጥቍረት ብቻ ነው። ቀስ በቀስ ከጥቍረቱ ውስጥ ቅንድብ ይወጣል፣ ከቅንድቡ በታች ዐይን፣ ከዐይኑ በታች ቀይ የተነካ ጕንጭ፤ ከዚያ ጣራው በሙሉ የኪሩቤል ፊት መሆኑ ይገለጣል። ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። አንዱን ረድፍ ብቻ መርጦ፣ ከአንዱ ሠረገላ እስከሚቀጥለው ያለውን ፊት አንድ በአንድ ለተመለከተ ግን ልዩነታቸው ይታየዋል፤ የአንዱ ቅንድብ በአንድ ምት የተሳበ ሲሆን የጎረቤቱ ተደርቦበታል፤ አንዱ ዐይኑን ወደ ጎን ሲያዘነብል ሌላው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያያል፤ የአንዱ ከንፈር ሊናገር የተዘጋጀ ይመስላል። ሠዓሊው አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ፣ ምናልባትም ክንዱ እየዛለ፣ ያንኑ ፊት ደጋግሞ ሲሥል እንዳይሰለች የተጠነቀቀ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ከዚህ ነው። ይህ በአምስት ደቂቃ የሚታይ አይደለም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ተቀምጬ ስቈይ፣ ቍልፉን የያዙት አባት ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?» አሉኝ። «የለም አባቴ፣ እያየሁ ነው» ስላቸው ጥቂት ቆም ብለው አብረውኝ ወደ ጣራው ተመለከቱና፣ «ጠዋት የጣራው ነው፤ ምሥራቁን ግድግዳ ለማየት ከሰዓት በኋላ ና» ብለው ሄዱ። ቀትር ላይ ሲዘጋ ወጣሁ፤ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ዳቦዬን በላሁ፤ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ተመለስሁ። ፀሐይ ዝቅ ብላ ከሕንፃው ዙሪያ ካለው የክዳኑ ጥላ በታች ስትደርስ፣ በምዕራቡ በር የገባው ብርሃን ወለሉን አቋርጦ ወደ መቅደሱ ግድግዳ ወጣ፤ ጠዋት ደብዝዞ የነበረው ስቅለቱ ቀላ፣ ከበላዩም ሦስቱ አካላት በእኩል ግርማ ተቀምጠው ታዩኝ። ያንኑ ቤት ነበር ያየሁት፤ ሌላ ቤትም ነበር። ሁለት ጊዜ ማለቴ ስለዚህ ነው፤ ወዳጄ በአምስት ስፍራ የሚያገኘው በአምስቱም የዚያኑ ሰዓት ብርሃን ነው፤ እያንዳንዱ ስፍራ ግን ያለ ሁለተኛው ሰዓት ግማሽ ነው።

በዚህ ነገር እንዲህ የጸናሁበትን ምክንያት ልናገር። አባቴ በወጣትነቱ ከሸዋ በእግሩ ሄዶ ጎንደር በዓታ አቋቋም የተማረ፣ በኋላም አዲስ አበባ በአንድ ደብር ሲያገለግል የኖረ ሰው ነበረ። በእርጅናው ዘመን የዐይኑ ብርሃን ጠፋ። እኔ ደግሞ የሒሳብ ሥራዬን ትቼ ብቻዬን መጓዝ የጀመርሁት በዚያው ዘመን ነው። ከጕዞ ስመለስ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ እርሱም ይጠይቀኛል። የቦታ ስም ብጠራለት ዝም ይላል፤ ስሙን ከእኔ አስቀድሞ ያውቀዋልና። የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ «በሩ ከውስጥ ሲገፋ ወዴት ይዞራል? ደጀ ሰላሙ ላይ የነበረው ወይራ አለ? በስንት ሰዓት ገባህ? ብርሃኑ በየት በኩል ነበር?» ይለኛል። ሳልመልስለት የቀረ እንደ ሆነ አይቈጣም፤ ጥያቄውን ለሌላ ቀን ያሳድረዋል እንጂ። እንግዲህ እኔ በየቦታው የምቀመጠው ለእርሱ ነበር። ዐይኔ የኪሩቤሉን ቅንድብ ሲከተል ምላሴ አስቀድሞ ለእርሱ የሚነግርበትን ቃል ይፈልግ ነበር፤ ቃል ያላገኘሁለትን ነገር ገና እንዳላየሁት ቈጥሬ እንደ ገና አየው ነበር። ማየትን ያስተማረኝ ዐይኑ የጠፋ ሰው ነው ብል ቃሌን አላበዛሁም።

ስለ ደብረ ብርሃን ምሥራቅ ግድግዳ በነገርሁት ጊዜ ግን ተከራከረኝ። እኔ ያየሁት በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነበረ፤ ብርሃኑ ወደ ግድግዳው ሰሜናዊ ጎን አጋድሎ እንደ ወጣ ነገርሁት። እርሱ ተነሥቶ እስኪቀመጥ ድረስ፣ «አይደለም!» አለ። «በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስላዘነበለች ብርሃኗ በአግድም ይገባል። ሌሊትና ቀን የሚተካከሉት በመጋቢት ነው፤ ያን ጊዜ ፀሐይ በበሩ ትክክል ትጠልቃለች። በመጋቢት መስቀል፣ በዐሥረኛው ቀን፣ ስቅለቱን ከእግሩ እስከ ራሱ ታበራዋለች፤ በተማሪነቴ ቆሜ አይቻለሁ።» እኔም በጥር ያየሁትን ይዤ አልለቀቅሁም፤ በዓሉ በዐቢይ ጾም ወራት ስለሚውል በዚያ ሰዓት ቅዳሴው ገና ሳይወጣ ሕዝቡ በሩን ይሸፍነዋል ብዬ ተከራከርሁት። እርሱም፣ «እንግዲያስ ከሕዝቡ ጋር ቁም» አለኝ። ክርክራችን በዚያ ቀረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት አባቴ ዐረፈ።

በመጪው መጋቢት ስምንት ቀን በማለዳ ከአዲስ አበባ እነሣለሁ። ዓባይን ተሻግሬ ባሕር ዳር አድራለሁ፤ በማግሥቱ ጉዛራ ወጥቼ ለማታ ጎንደር እገባለሁ፤ በዐሥረኛው ቀን ከጠዋት ጀምሬ ደብረ ብርሃን እውላለሁ። ወጣቱ ጎረቤቴ ጕዞውን እስከዚያ ካቈየው በራሱ መኪና ከኋላዬ ሊከተል ይችላል፤ በዚያ ቀን ግን እርሱም እንደ እኔ መኪናውን አቁሞ በእግሩ እንዲመጣ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ።